ሺህ ኪሎ ሜትር በሰው እግር

ማሽኑን የመረጥኩት እኔ ነኝ። በአክስቴ ቤት በኖርኩባቸው ሰባት ዓመታት "ምረጪ" የተባልኩት ያን ቀን ብቻ ነው። የምመርጠውም ለራሴ አልነበረም፤ ለአክስቴ ጉልበት ነበር።

አክስቴ እላቸዋለሁ እንጂ የአባቴ የአክስት ልጅ ናቸው። ሰው ሲጠይቃቸው ግን "የወንድሜ ልጅ ናት፤ እያስተማርኳት ነው" ይላሉ። ከእንጦጦ ጀርባ ካለው መንደራችን ያመጡኝ እናቴ በሞተች ዓመት፣ ስድስተኛ ክፍልን እንደ ጨረስኩ ነው። "ሰባተኛን በማታ ትቀጥላለች" ብለው ለአባቴ ነገሩት። አሥራ አራት ዓመቴ ነበር። የስድስተኛ ክፍል ካርዴን በፌስታል ጠቅልዬ ይዤ መጣሁና ፍራሼ ሥር አስቀመጥኩት። በየዓመቱ መስከረም ሲጠባ አውጥቼ አየዋለሁ። እሳቸውን ደግሞ በየዓመቱ አንድ ነገር ይገጥማቸዋል፤ አንዴ ሠርግ፣ አንዴ ሐዘን፣ አንዴ የቤት እድሳት። "ዘንድሮን ብቻ" ይሉኛል። እኔ አፍ የለኝም። ለመናገር ስነሣ ጉሮሮዬ ይዘጋል፣ ፊቴ ይቃጠላል፤ ከዚያ "እሺ እትዬ" ብዬ ወደ ኩሽና እገባለሁ።

ቤታቸው ቁስቋም ዳገቱ ላይ ነው። በሰባተኛው ክረምቴ አንድ እሑድ ከቅዳሴ ስንመለስ ዝናብ ያዘን። በአንድ እጄ ጃንጥላ ዘርግቼላቸው፣ በሌላው ክንዳቸውን ይዤ እንወርዳለን። ኮብልስቶኑ ላይ መጀመሪያ ያዳለጠኝ እኔን ነው። እንዳልወድቅ ስል ክንዳቸውን ለቀቅሁት። እኔ ቆምኩ፤ እሳቸው በቀኝ ጉልበታቸው ወደቁ። የጉልበታቸው ሎሚ ተሰበረ።

"ለቀቀችኝ" አሉ ለልጃቸው፣ ለጎረቤቱ፣ ለንስሐ አባታቸው፣ እግዜር ይማርዎት ሊል ለመጣው ሁሉ። እውነታቸውን ነው። ለቅቄያቸዋለሁ።

ጄሶው ሲፈታ እግራቸው እንደ አጣና ቀጥ ብሎ ቀረ። ፊዚዮቴራፒ የምትሠራው ወጣት ሐኪም ነገሩን ሳታለባብስ ነገረቻቸው።

"ካልተሠራበት እንዲሁ ደርቆ ይቀራል። ሳይክል ያስፈልግዎታል። እንደ ፈረስ የሚወጡበትን አይደለም የምልዎት፤ ወንበር ያለውን፣ ጀርባዎን ተደግፈው እግርዎን ወደ ፊት ዘርግተው የሚነዱትን ነው። ቤትዎ ውስጥ፣ በየቀኑ። ያምዎታል፤ ቢያምዎትም ይንዱት። በሁለት ወር አይዎታለሁ።"

አክስቴ ከሐኪም ቤት እንደ ተመለሱ ለቁስቋም ማርያም ተሳሉ። "በእግሬ ካቆምሽኝ፣ በእግሬ መጥቼ ጃንጥላ አስገባለሁ" አሉ። ጃንጥላውን አስቀድመው አስገዙት። ቀይ ሐር ነው፤ ዙሪያውን ወርቃማ ዘርፍ አለው። ከነላስቲኩ ሳሎኑ ጥግ ቆመ።

አንድ ልጅ አላቸው። ከእኛ ጋር አይኖርም፤ እሑድ እሑድ ይመጣል። ሁለት ሚኒባስ አለው፣ ሾፌር ቀጥሮ ያሠራቸዋል። እኔ ጋሼ እለዋለሁ። ሳይክሉን ሊገዛ የመጣ ዕለት አክስቴ ከሶፋው ላይ ሆነው በከዘራቸው ወደ እኔ ጠቆሙ።

"እሷን ይዘሃት ሂድ። ቁመታችን እኩል ነው። የሷ እግር የደረሰበት የኔም ይደርሳል።"

እኩል ነን። ጫማቸው ሲያረጅ የምወርሰው እኔ ነኝ።

መኪና ውስጥ ስለ ትምህርቴ ያነሣው እሱ ነው።

"ስንተኛ ክፍል ነበርሽ አንቺ?"

"ስድስተኛ... ጨርሻለሁ።"

"በይ ስሚኝ። እማዬ ቁስቋምን በእግሯ ስትወጣ ባየሁ ማግስት ሰባተኛ ክፍል አስመዘግብሻለሁ። ሌላ ሠራተኛ እቀጥራለሁ፣ አንቺን ክፍል ተከራይቼ አስቀምጥሻለሁ። ቃሌ ቃል ነው። እስከዚያ ግን እንኳን ትምህርት፣ ከበር መውጣት የለም። ገባሽ?"

ገባኝ። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ የእሳቸው ጉልበትና የኔ ሰባተኛ ክፍል አንድ ነገር ሆኑ።

ሱቁ ስታዲየም አካባቢ ነው። ሻጩ ሆዱ የገፋ፣ ሳቂታ ሰውዬ ነበር። ሁለት ሰዎች ክብደት ማንሻ ብረት እያገላበጡ ያያሉ።

"ለማን ነው?" አለ ሻጩ።

"ለእናቴ። ግን እሷን እንደ እናቴ ቁጠራት፤ ትሞክረው።"

"እናትህማ ለጋ ናት!" አለና ሳቀ። ብረት የሚያዩት ሰዎችም ብረቱን አስቀምጠው ዞሩ።

እንደዚያ ዓይነት ሳይክል አራት ነበረው። የመጀመሪያው መሀሉ ላይ ወፍራም ብረት አለው፤ ለመቀመጥ እግርን አንሥቶ መሻገር ያስፈልጋል። ቀሚሴን ሰብስቤ አንድ እግሬን አነሣሁ፤ ሰዎቹ እያዩኝ መሆኑ ትዝ ሲለኝ መልሼ አወረድኩት።

"ተሻገሪ እንጂ የኔ እናት፣ አጥር መሰለሽ እንዴ?" አለ ሻጩ።

ተሻገርኩ። የአክስቴን አጣና የሆነ እግር በዓይነ ሕሊናዬ አየሁት። "ይሄንን እትዬ አይሻገሩትም" አልኩት ለጋሼ በሹክሹክታ።

ሁለተኛው መሀሉ ክፍት ነው፤ እንደ ወንበር ዝም ብለው ይቀመጡበታል። ሲነዱት ግን እንደ አሮጌ የልብስ ስፌት መኪና ይንኳኳል። ወንበሩን ለማቅረብና ለማራቅም ተነሥቶ ከሥሩ ቡሎን መንቀል ይፈልጋል። አክስቴ እየተነሡ ቡሎን ሊነቅሉ ነው? የምነቅለው እኔ ነኝ፤ "ቀረበ፣ ራቀ" እያሉ በከዘራ ሲነኩኝ ታየኝ። እሱንም ተውነው።

ሦስተኛው ጥሩ ነበር። እንደ ተቀመጡ ከጎን ያለውን እጀታ ሲስቡ ወንበሩ ከቀዳዳ ወደ ቀዳዳ ይንሸራተታል። ግራና ቀኝ መያዣ አለው። የሚያከብደውና የሚያቀለው ማግኔት ስለሆነ ድምፅ የለውም።

"ጫማሽን አውልቂና የእግሩን ማሰሪያ ሞክሪው" አለ ሻጩ።

ጫማዬ የአክስቴ አሮጌ ጫማ ነው። አወለቅሁት። ካልሲዬ አውራ ጣቱ ላይ ተቀዶ ጣቴ ሙሉ በሙሉ ወጥቷል።

"ይሄ ካልሲ ሞተሩን ያቀዘቅዛል! ለስፖርት የተሠራ ነው!"

ሰዎቹ ሳቁ። ጋሼም ሳቀ። እሱ መሳቁን አልረሳውም። ዓይኔን መቁጠሪያው ስክሪን ላይ ተክዬ ነዳሁ። ፊደሉ እንግሊዝኛ ነው፤ ቁጥሩ ግን ቁጥር ነው፤ ቁጥር አነባለሁ። ዜሮ ነጥብ አንድ፣ ዜሮ ነጥብ ሁለት እያለ ወጣ። ሳቆም ስክሪኑ ጠፋ። መልሼ ስረግጠው ከዜሮ ጀመረ።

ያኔ አንድ ነገር መጣልኝ። ጋሼ ሚኒባሶቹን የሚቆጣጠረው በኪሎ ሜትር መቁጠሪያቸው ነው። "ሾፌር ይዋሻል፤ ኪሎ ሜትር አይዋሽም" የሚለው ነገር አለው። አክስቴ ደግሞ ነድተውም አልነዳሁም፣ ሳይነዱም ነዳሁ ማለት የሚችሉ ሰው ናቸው። የኔ ሰባተኛ ክፍል በእሳቸው አፍ ላይ እንዳይንጠለጠል ምስክር ፈለግሁ።

"ሲጠፋ... ቁጥሩ ይጠፋል?" አልኩ።

"እ? ምን አለች?"

"ሲጠፋ ቁጥሩ ይጠፋል ወይ ነው የምትልህ" አለ ጋሼ።

ሻጩ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይስቅ አየኝ። "ይሄኛው ይጠፋል። ያ ጥግ ያለው አይጠፋም። የዛሬውን ለብቻ፣ ጠቅላላውን ለብቻ ይይዛል። በባትሪ ነው የሚሠራው፤ መብራት ቢሄድ አይጠፋም፣ ብታጠፊው አይጠፋም፣ አንቺ ብትሞቺም አይጠፋም።"

አራተኛው በሌላው ሁሉ ከሦስተኛው ጋር አንድ ነው። ጀርባው ወንፊት ስለሆነ እንዲያውም አያልብም። ዋጋው ከፍ ይላል። ጋሼ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። "ጎበዝ! ሾፌሮቼ እንዳንቺ ቢያስቡ!"

በሰባት ዓመት አንድ ቀን ጎበዝ ተባልኩ። እሱ ከፈለ፤ እኔ ጫማዬን አሠርኩ።

ማሽኑን ሳሎን ውስጥ ከጃንጥላው አጠገብ አቆሙት። አክስቴን ደግፈን አስቀመጥናቸው፤ ወንበሩ፣ መያዣው፣ ርቀቱ፣ ሁሉም ልክ ነበር። በሁሉ ነገር ትክክል መርጫለሁ። እግራቸውን አሠርን። ጋሼ "በይ እማዬ፣ አንዴ" አለ። አንድ ግማሽ ዙር ሄደ። ከዚያ አክስቴ የጮሁት ጩኸት የሰፈሩን ውሾች ሁሉ አስነሣ።

"ገደላችሁኝ! አውርዱኝ!"

"ቀስ በቀስ ነው እማዬ" አለ ጋሼ። ከመሄዱ በፊት ለሁለታችንም ተናገረ። "ይሄ ማሽን ሺህ ሲል ጉልበትሽ ይታጠፋል። ሺህ ይበልና ቁስቋም እንወጣለን።" ከዚያ ወደ እኔ አየና ጨመረ፦ "ያኔ አንቺም ትመዘገቢያለሽ።"

በማግስቱ ቁርሳቸውን እንደ በሉ ጠሩኝ።

"ነይ ተቀመጪ።"

"የት እትዬ?"

"ማሽኑ ላይ ነዋ። ንጂልኝ።"

ይህ ለእሳቸው እንግዳ ነገር አልነበረም። ባለፈው ዐቢይ ጾም የንስሐ አባታቸው ከጎረቤት ጋር ስለ ተጣሉ ስግደት ሰጥተዋቸው ነበር። ቄሱ ያሉት "ጉልበትዎን ካመመዎት በጸሎት ይተኩት" ነው፤ እኔም ቆሜ ሰምቻለሁ። አክስቴ የሰሙት "ይተኩት" የሚለውን ብቻ ነው። ጾሙን ሙሉ በቀን አርባ አንድ ስግደት የሰገድኩት እኔ ነኝ። እሳቸው ወንበር ላይ ተቀምጠው መቁጠሪያቸውን አንድ አንድ ፍሬ ይጥላሉ። ሲደክመኝ ቀና ካልኩ "ሳይሞላ ቀና የለም" ይላሉ። ሲሞላ አማትበው በእፎይታ ይተነፍሳሉ፤ ላቡ የኔ፣ እፎይታው የእሳቸው።

"እትዬ፣ ሐኪሟ እኮ በራስዎ እግር..."

"ስግደቱን ፈጣሪ ቆጥሮልኛል። ይሄ ቻይና የሠራው ብረት ነው የማይቆጥርልኝ?"

ቆጠረላቸው። በእውነት ይቆጥራል፤ የማን እግር እንደሆነ አይጠይቅም።

መጀመሪያ ስለ ፈራሁ ነዳሁ። በሦስተኛው ቀን ግን ቁጥሩን አየሁና ሌላ ነገር ገባኝ፤ ቁጥሩ በወጣ ቁጥር እኔ ወደ ትምህርት ቤቱ እየቀረብኩ ነው። ከዚያ በኋላ "ንጂልኝ" እስኪሉኝ አልጠበቅሁም። ሊጡ እስኪቦካ፣ ልብሱ እስኪደርቅ፣ ወጡ እስኪበስል እነዳለሁ። ሰዎች ዝምታዬን ዓይናፋርነት ይሉታል። ያን ሁለት ወር ግን ዝም ያልኩት አስቤበት ነው።

ቅዳሜ ቅዳሜ እግራቸውን አጥባለሁ። ግራው ሥጋ አለው፤ ቀኙ እየሟሸሸ ሄዷል፤ ቆዳው ቀዝቃዛ ነው፣ ባቱ በእጄ ውስጥ እንደ ባዶ ኪስ ይታጠፋል፤ ጉልበቱ ግን አይታጠፍም። አጥቤ፣ አድርቄ፣ ቅባት ቀብቼ አለብሰዋለሁ። አውቅ ነበር። እግሩ እየሞተ እንደሆነ ከእሳቸው በፊት ያወቅሁት እኔ ነኝ፤ ከዚያ ወጥቼ ማሽኑ ላይ እቀመጣለሁ።

እሑድ ጋሼ ሊመጣ ሲል እኔ ያላብኩበትን ፎጣ አንገታቸው ላይ ጣል ያደርጋሉ። እሱ ያመጣውን ብርቱካን ሳያስቀምጥ ስክሪኑን ይነካል።

"እማዬ! ደብረ ብርሃንን አልፈሻል!"

"አይ ልጄ፣ አልቄልሃለሁ። ላቤ እንደ ውሃ ነው የሚፈሰው።"

ሌላ እሑድ "ደሴ ገባሽ" አለ። ሌላ እሑድ "እማዬ ጎንደር ደርሰሻል፤ የጎንደሯን ቁስቋም ተሳልመሽ ነይ እንግዲህ!" ብሎ ግንባራቸውን ሳመ። አክስቴ በደስታ አለቀሱ። እኔ ትሪ ይዤ ቆሜያለሁ። የውሸት አለቀሱ ማለት አልችልም፤ የምር ነበር ልቅሷቸው። ጎንደር የደረሱ መስሏቸው ነበር።

ሺህ የሞላው ሐሙስ ዕለት ነው። የመጨረሻዎቹን ኪሎ ሜትሮች ሳልወርድ፣ ውሃ ሳልጠጣ ነዳሁ። ቁጥሩ አራት አኃዝ ሲሆን አክስቴ ሦስት ጊዜ አማተቡ። "ስለቴ ሰመረ" አሉ። እኔ ፍራሼን ገልጬ ካርዴን አየሁት።

የሁለት ወሩ ቀጠሮ ሰኞ ነበር። ሐኪሟ አክስቴን አልጋው ላይ አስተኝታ ቀኝ ጉልበታቸውን ይዛ ልታጥፈው ሞከረች። ትንሽ ነቅነቅ ብሎ ቆመ። እንደገና ሞከረች። አክስቴ ጮኹ።

"ነድተዋል?"

"ሺህ ኪሎ ሜትር!" አለ ጋሼ፤ ስክሪኑን ያነሣበትን ፎቶ ከስልኩ ላይ አሳያት።

ሐኪሟ ፎቶውን አየች። የአክስቴን ባት በሁለት ጣቷ ያዘችው፣ ለቀቀችው። ከዚያ ቀና ብላ ክፍሉን ቃኘች። እኔ በሩ ሥር ቆሜያለሁ።

"አንቺ፣ ነይማ። ቀሚስሽን እስከ ጉልበትሽ ድረስ ከፍ አድርጊ።"

ቀሚሴን በሁለት እጄ ጨበጥኩት። "ከፍ አድርጊው እንጂ" አለ ጋሼ፣ ገና ሳይገባው። አደረግሁት። ሐኪሟ ጎንበስ ብላ፣ ለፋሲካ በግ እንደሚመርጥ ሰው ባቴን ጨበጥ አደረገችው። ድንጋይ ሆኗል። ሁሉም አየው።

"ሺህ ኪሎ ሜትሩ ያለው እዚህ ነው" አለች።

ከዚያ አክስቴ ከአልጋው ላይ ጣታቸውን ቀሰሩብኝ።

"እሷ ናት! ልንዳ ስል አላስነዳ እያለች! ለትምህርቷ ስትል! እጄን የለቀቀችውም እሷ ናት፤ አሁን ደግሞ እግሬን ቀበረችው!"

ውሸት ነበር። ግማሹ ደግሞ እውነት ነበር፤ አፌን የያዘው እውነቱ ነው። ቀሚሴን ወደ ታች መልሼ እግሬን አየሁ።

ሐኪሟ ለማንም አልፈረደችም። አንድ ወር ብቻ እንደ ቀረ፣ ከዚያ በኋላ አደንዝዞ በኃይል ማጠፍ እንደሚመጣ ነገረችን። እንዴት እንደሚሠራ ለእኔ አሳየችኝ፤ እግሩን ማሠር፣ ወንበሩን በየሦስት ቀኑ አንድ ቀዳዳ ማቅረብ፣ ግማሽ ዙር ወደ ፊት፣ ግማሽ ወደ ኋላ። "ይጮኻሉ" አለችኝ። "ይጩኹ። ስለ ጮኹ አታቁሚ፤ ካበጠና ከተኮሰ ግን ደውይልኝ።"

ስንመለስ ጋሼ እስከ አዲሱ ገበያ ድረስ ዓይኑን ከመንገዱ ሳያነሣ ነዳ። ታክሲዎቹ መንገድ ሲዘጉበት ቆመና በመስታወቱ አየኝ።

"ሾፌሬ ቢሆን አባርረው ነበር። አንቺን አላባርርሽም። ሺሁ ተሰርዟል። ከሺህ በላይ ያለው ብቻ ነው የሚቆጠረው፤ እሱም በሷ እግር። ቁስቋምን በእግሯ ካልወጣች ከዚያ ቤት አትወጪም። ሰባተኛ ክፍልን በሕልምሽ ተማሪው።"

"አዎ፣ ንገራት!" አሉ አክስቴ ከፊት ወንበር። ለእሳቸውም እየተናገረ መሆኑ አልገባቸውም።

በማግስቱ ጠዋት ደግፌ ማሽኑ ላይ አስቀመጥኳቸው። ማሰሪያውን ጎትቼ አጠበቅሁት። መቁጠሪያቸውን ከአንገታቸው አወለቅሁና አጠገባቸው ዱካ ላይ ተቀመጥኩ።

"ምን ልትሆኚ ነው?"

"አርባ አንድ ነው እትዬ።"

እግራቸውን ይዤ ገፋሁት። ያን ጩኸት ለመግለጽ አልሞክርም። ሰደቡኝ፤ የጅብ ልጅ አሉኝ፣ እናትሽን የገደልሻት አንቺ ነሽ አሉኝ። አንድ ፍሬ ጣልኩ። ከአሥር በኋላ ስድቡ አለቀና ልመና መጣ።

"ልጄ... ተይኝ ልጄ... የኔ ቆንጆ..."

በሰባት ዓመት ልጄ ብለውኝ አያውቁም። ቆንጆም ተብዬ አላውቅም።

"ሳይሞላ ቀና የለም" አልኳቸው። ድምፄ አልተንቀጠቀጠም። ጉሮሮዬ ክፍት ነበር።

በሦስተኛው ቀን ጎረቤታችን የሆኑ ሴትዮ በሩን ደበደቡ። "ኧረ ምን ሆነው ነው? ሰው ሞተ እንዴ?"

"ስፖርት እየሠሩ ነው" አልኩና በሩን ዘጋሁት።

ጉልበታቸው በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ እየታጠፈ ሄደ። ግማሹ ዙር ሙሉ ዙር ሆነ። ሙሉው ዙር የገባ ቀን እንኳን ደስ ያለዎት ማለት ነበረብኝ፤ አላልኩም። ወንበሩን አንድ ቀዳዳ አቀረብኩት። ለማንም ያልነገርኩትን ልጻፍ፦ አንዳንድ ቀን አርባ አንዱ ከሞላ በኋላ ያልሞላ መስዬ ሦስት አራት ፍሬ እጨምር ነበር። ለጉልበቱ ብዬ አይደለም።

አክስቴ ቆጥረውት ኖሯል። እሑድ ጋሼ ገና ሳይቀመጥ ከዘራቸውን ወለሉ ላይ መቱ።

"ይህችን ልጅ ከዚህ ቤት አውጣልኝ።"

"እማዬ፣ ግን እየታጠፈልሽ እኮ ነው። ጎበዝ አሠሪ ናት።"

"አትሰማኝም? ትማር! ዶክተር ትሁን! ጳጳስ ትሁን! ብቻ ፊቷን አልይ!"

"ቁስቋም ስትወጪ ብዬሻለሁ። ቃሌ ቃል ነው።"

አክስቴ ጃንጥላውን አዩ፣ እኔን አዩ። "እወጣታለኋ!" አሉ፤ ጥርሳቸውን ነክሰው።

ከዚያ ቀን በኋላ ጠርቻቸው አላውቅም። እኔ ኩሽና ሳለሁ ማሽኑ ላይ በራሳቸው ወጥተው አገኛቸዋለሁ። ማሰሪያውን ለማሠር ስጎነበስ "አትንኪኝ" ይላሉ፤ በከዘራቸው ጫፍ ራሳቸው ይስቡታል። ይነዳሉ። ዓይናቸው ከፊቴ ላይ አይነሣም። ያማቸዋል፣ ከንፈራቸው ይነጣል፤ ግን ለእኔ ላለመጮህ ሲሉ አይጮሁም። ለስለታቸው ብለው ያላደረጉትን፣ ለልጃቸው ብለው ያላደረጉትን፣ እኔን ለማባረር ሲሉ አደረጉት።

የወጣን በወርኃዊው የቁስቋም በዓል ነው። ጋሼ ከኋላ፣ እኔ ከጎናቸው፣ እሳቸው በአንድ እጅ ከዘራ በሌላው ጃንጥላውን ይዘው። ልያዝልዎት ብላቸው እምቢ አሉ። በየአሥር እርምጃው ይቆማሉ። ክረምት የወደቁበት ቦታ ስንደርስ ኮብልስቶኑ ላይ እግራቸው ተንሸራተተ። ሳላስበው እጄን ዘረጋሁ።

በጃንጥላው እጀታ መቱት።

"ይሄን እጅ አውቀዋለሁ!"

ጉልበታቸው እየተንቀጠቀጠ ወጡ። የመጨረሻውን ደረጃ ሲረግጡ በቀሚሳቸው ላይ እንኳን ማበጡ ይታይ ነበር። ደጁን ተሳለሙ፤ ላስቲኩን ቀድደው ጃንጥላውን ለዲያቆኑ ሰጡ። አሳልፈውት ሲጨርሱ ለማርያም ምስጋና አላቀረቡም፤ ወደ ልጃቸው ዞሩ።

"አየህ? በእግሬ ወጣሁ። በል ውሰዳት።"

ወሰደኝ። ቃሉ ቃል ነው። በማግስቱ አዲሱ ገበያ አካባቢ ካለ ትምህርት ቤት ማታ ሰባተኛ ክፍል ልመዘገብ ቆምኩ። መዝጋቢዋ ካርዴን አገላበጠች፤ ሰባት ዓመት ፍራሽ ሥር ኖሮ እንደ ጨርቅ ለስልሷል።

"የሚያስተምርሽ ማነው?" አለችኝ።

"አክስቴ ናቸው" አልኩ።

አልዋሸሁም። እኔ እንድማር እሳቸውን ያህል የለፋ ሰው የለም።